ዋስህ ማን ነው?

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ብር የሚበደር፣ በሬ በዱቤ የሚገዛ ወይም ለክረምቱ ማዳበሪያ በብድር የሚወስድ ሰው ስንት ጥማድ መሬት እንዳለው ከመጠየቁ በፊት ዋሱን ይጠየቃል። ዋስ የሚሆነው ሰው የሚያኖረው ጣቱን ወይም ፊርማውን ብቻ አይደለም። የተበዳሪውን አባት ያውቃል፤ አባትየው ዕዳ ሲከፍሉ ያዩ ሽማግሌዎችንም ያውቃል። ነገሩ ከተበላሸ ከተበዳሪው ጋር ቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ፣ ገበያ ላይ፣ ሰንበቴ ላይ ፊት ለፊት መገጣጠማቸው እንደማይቀር ያውቃል። ሰው የሚታመነው በሰው ነው። ይህ ሥርዓት ከባንክም ከመታወቂያም ይቀድማል፤ ሲሠራ ስለማይታይ ግን ባለቤቱ እንዳለው የሚያውቀው ያጣው ዕለት ነው።

ከዚህ አገር ተነሥቶ ባሕር ማዶ ከተማ የገባን ሰው «ምን አስደነቀህ?» ብትሉት ባቡሩን፣ ፎቁን፣ በረዶውን ይነግራችኋል። ጥያቄው ራሱ ወደዚያ ይገፋዋል። ቡና ተፈልቶ ጨዋታው ሲደራ ግን ሌላ ሌላው ይወጣል፦ ቤት ሊከራይ ሄዶ የተባለው፣ ስልክ ሊያወጣ ሲል የተጠየቀው፣ አሳንሰር ውስጥ ሰላም ብሎ መልስ ያጣበት። እኔ እንደሚመስለኝ እነዚህ ገጠመኞች ሥረ መሠረታቸው አንድ ነው። ሰውየው የገባው ዋስነት ከሰው ወደ ቁጥር የተዛወረበት ከተማ ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ ገና ቁጥር የለውም።

አንዲት የዱርቤቴ ልጅ እናስብ። እውነተኛ ሰው አይደለችም፤ የሄደችበት መንገድ ግን የብዙዎች ነው። ዱርቤቴ የደቡብ አቸፈር ወረዳ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በመራዊ፣ በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አድርጎ ደብረ ማርቆስን አልፎ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈው አስፋልት መሃል ለመሃል ይሰነጥቃታል። በዚያ መንገድ ዳር ያደገ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚሄድ ሰው እያየ ነው የሚያድገው። ልጅቷ 12ኛ ክፍል ጨርሳለች፤ ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ ሠርታለች፤ አንድ ዓመት መስከረም ሲገባደድ «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ወረቀት ለጥፎ ከተቀመጠ ኢንተርኔት ቤት ገብታ ፎቶ ተነሥታ ሞልታለች። የአሜሪካ መንግሥት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በየዓመቱ እስከ 55,000 ለሚደርሱ ሰዎች በዕጣ የመኖሪያ ፈቃድ ሲሰጥ የጠየቀው ትምህርት ይህንኑ የ12ኛ ክፍል ማጠናቀቂያ፣ ወይም በምትኩ የሁለት ዓመት የሙያ ሥራ ልምድ ነበር። ዕጣ አባትህ ማን ነው አይልም። ከብዙ የአገራችን ወጣቶች ልብ የገባውም ለዚህ ይመስለኛል።

ዕጣው ከወጣ በኋላ ግን ሰው ያስፈልጋል። የምታርፍበት አድራሻ፣ የሚቀበላት ዘመድ፣ «ስፖንሰር» የሚባለው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የአክስቷ ልጅ ተገኘ። ከአገር ስትወጣ የመጨረሻው ዋሷ እሱ ነው።

ወደ አሜሪካ የሚበር ተሳፋሪ በኢትዮጵያ አየር መንገድ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዱለታል። ከሁለቱ አንዱ የተጓዡ አይደለም። የቡሬ በርበሬ አለበት፣ ሽሮ አለበት፣ በሶ አለበት፤ የጎረቤት እናት ለልጃቸው የላኩት ነጠላ፣ ከእነ ስልክ ቁጥሩ በፌስታል ተጠቅልሎ። ይህን ሻንጣ ለሚሞሉት ሰዎች ልጅቷ ማን እንደሆነች ማስረዳት አያስፈልጋትም። ዕቃውን የሰጧት የማን ልጅ መሆኗን አውቀው ነው። የምትሄድበት ከተማ እንዲህ ያለ አደራ የሚሰጣት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ያኔም በደረሰኝ።

በዋሽንግተኑ ደላስ አውሮፕላን ማረፊያ ወርዳ በአክስቷ ልጅ መኪና ስትሄድ መጀመሪያ የሚገጥማት ነገር ቅሬታ ነው። ፎቁ የታለ? በፊልም ያየችው አሜሪካ ደመና የሚነካ ሕንፃ ያለበት ነበር፤ ዋሽንግተን ግን የለውም። ምክንያቱ ሕግ ነው። በ1910 ኮንግረሱ ያወጣው የሕንፃ ከፍታ ሕግ በዋና ከተማዋ የሚሠራ ሕንፃ ከፊቱ ካለው መንገድ ስፋት ብዙ ከፍ እንዳይል ይከለክላል፤ ሃያ ጫማ ያህል ብቻ ይጨምርለታል። በአዲስ አበባ በኩል ያለፈ ሰው ከቦሌ እስከ ሜክሲኮ ያየው ሕንፃ ከዚህ ይረዝምበታል። ብዙ ሰው ይህን ለቤተሰቡ አይናገርም። «አሜሪካ አጭር ናት» ብሎ ወደ ዱርቤቴ የሚደውል ማን አለ?

ቀደም ባለው ዘመን ከእኛ አገር ወደ አውሮፓ የተሻገሩት ሰዎች ዓይናቸው ዕቃ ላይ ነበር ይባላል፤ መኪናው፣ መብራቱ፣ የማተሚያ ቤቱ መዘውር። እውነት ይመስለኛል፤ ምክንያቱ ግን የዘመኑ ኋላ ቀርነት አይደለም። ዋስ ስለነበራቸው ነው። ከአማራ መካነ ሥላሴ የተነሡት አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ጀርመን፣ ጎታ ሲገቡ የጠራቸው የአገሩ መስፍን ኤርንስት ነበር፤ አጠገባቸው ደግሞ ቋንቋቸውን ከእሳቸው የሚማረው ሂዮብ ሉዶልፍ። ከዱርቤቴ ሩቅ ባልሆነችው ዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1887 ሥዕል ሊማሩ ወደ ጣሊያን የሄዱት ምኒልክ ልከዋቸው ነው። ኋላ ኔፕልስ ላይ አማርኛ አስተማሪ ሆነዋል፤ በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚባለውን መጽሐፋቸውንም በ1908 ሮም ላይ አሳትመዋል። የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1924 ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋር ኢየሩሳሌምን፣ ፓሪስን፣ ለንደንን ሲጎበኙ በየጣቢያው የሚቀበሏቸው ነገሥታትና ሚኒስትሮች ነበሩ። ራስ ኃይሉ ንግድ ዓይናቸው የሚይዝላቸው መኰንን ነበሩና ስማቸው በአዲስ አበባ ከታክሲና ከሲኒማ ቤት ሥራ ጋር ይነሣል። ለእነዚህ ሰዎች የመታመን ጥያቄ በደብዳቤ፣ በማኅተም፣ በማዕረግ አስቀድሞ ተመልሷል። የቀራቸው ማየት ብቻ ነው። የዲቪ ልጅ ግን ማኅተም የላትም፤ የራስ ኃይሉ ዓይን ቢኖራትም የምታይበት ጊዜ አታገኝም።

በሁለተኛው ሳምንት ሥራ ተገኘላት፤ መሃል ዋሽንግተን፣ ከምድር በታች ያለ የመኪና ማቆሚያ፣ ገንዘብ ተቀባይነት። በዚያ ከተማ «ፓርኪንግ» የሐበሻ ሥራ ነው ቢባል ማንም አይከራከርም። ወደ ሥራዋ የምትሄደው በ1976 በተከፈተው የምድር ባቡር ነው። ከጣቢያው ስትወጣ የምትማረው የመጀመሪያ ነገር መንገድ አለመጠየቅ ነው። ከተማዋን በ1791 የነደፈው ፈረንሳዊው ላንፋ መሃሏን በመስመር ከፋፍሏታል። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርዱት ጎዳናዎች በቁጥር፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄዱት በፊደል ይጠራሉ፤ ሰያፎቹ የክፍለ ሀገር ስም አላቸው። ሁሉም የሚቆጠረው ከኮንግረሱ ሕንፃ ተነሥቶ ነው። (ከ«አይ» በኋላ «ጄ» የለም፤ ወደ «ኬ» ይዘላል። ለምን እንደሆነ የሚነገረው ተረት ብዙ ነው።) የሐበሻ ምግብ ቤቶች የተሰበሰቡበትን ሠፈር ለማግኘት 9ኛውና «ዩ» የሚገናኙበትን ማሰብ ብቻ ይበቃል። ሥርዓቱን አንዴ ያወቀ ሰው ከተማዋን ያለ ሰው እርዳታ ሊያዳርሳት ይችላል።

ጣጣውም እዚሁ ላይ ነው። ዱርቤቴ ላይ ቤት የሚፈለገው በሰው ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከእገሌ ወፍጮ ቤት አልፎ። የተጠየቀው ሰው ደግሞ በጣቱ ጠቁሞ አይተውም፦ «የማን ልጅ ነሽ? ከየት መጣሽ? ደህና ናቸው እነ አያ?» ይላል፤ ካልቸኮለ ያደርሳታል። አንድ መንገድ ሲጠየቅ ሁለት ሰው ይተዋወቃል። የዋሽንግተን ጎዳናዎች ቁጥር ይህን ሁሉ አላስፈላጊ አድርጎታል። ከተማው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ መንገዱ ራሱ ስለሚናገር ሰው የሚናገረው አጣ።

ስለ ከተማ ሰው ዝምታ የጀርመኑ ማኅበረሰብ ተመራማሪ ጌኦርግ ዚመል በ1903 የጻፈው ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይነበባል። ከተማ ውስጥ በየደቂቃው የሚያልፍ ፊት፣ ድምፅና ምልክት እጅግ ብዙ ነው፤ ሰው ለእያንዳንዱ ልቡን ልክፈት ቢል ራሱን ያጣል፤ ስለዚህ ይቆጠባል ይላል ዚመል፤ ቁጥብነቱ መከላከያው ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ስታንሊ ሚልግራም በ1970 ይህን ሐሳብ በቁጥር አስደገፈው። ማንሃተን መሃል ላይ የቆመ ሰው በአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ውስጥ 220,000 ሰው ሊያገኝ ይችላል። ይህን ወደ ጎጃም ሰላምታ እናምጣው። እንደምን ዋላችሁ፣ ደህና ናችሁ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ አዝመራው፣ እግዜር ይመስገን። በጣም ቢያጥር አንድ ደቂቃ ይፈጃል። 220,000 ሰው በዚህ መንገድ ሰላም ለማለት እንቅልፍም ምግብም ሳይኖር 153 ቀን ያህል ያስፈልጋል። የሚልግራም ተማሪዎች ደግሞ ማንሃተን ውስጥና ትንንሽ ከተሞች ውስጥ የማያውቁትን ሰው በር እያንኳኩ «ስልክ ልደውል ግባ በሉኝ» ብለው ሞክረዋል፤ በትንንሾቹ ከተሞች በር የከፈተው ሰው በእጅጉ በልጦ ተገኘ። ልጅቷ አሳንሰር ውስጥ ሰላም ስትል ዝም የሚላት ሰው ንቋት አይደለም፤ ቆጥቦ ነው። ይህን ማወቅ ግን ዝም መባሉን ያን ያህል አያቀልም።

ጎጃም ራሱ ከእንግዳ ጋር የመኖር ብልሃት የሌለው አገር አይደለም። ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማን የመሰሉ የቅኔ ደብሮች ያሉበት ምድር በየዓመቱ ማንነታቸውን ማንም የማያውቃቸውን ልጆች ሲቀበል ኖሯል። የቆሎ ተማሪው ከቤቱ ጠፍቶ፣ ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ አባቱን ማንም በማያውቅበት ቀዬ በር ላይ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ውሻ ይጮህበታል እንጂ ማንነቱ አይመረመርም፤ ለምዱና ቃሉ ዋሶቹ ናቸው። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲሄዱ የምትገኘውን ማንኩሳን አንባቢ የሚያውቃት በአብዛኛው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ የዚያ መጽሐፍ በዛብህም ከዚህችው ቀዬ የወጣ የቤተ ክህነት ተማሪ ነው። ጎጃሜ ስደትን የጀመረው በዲቪ አይደለም። ልዩነቱ ተማሪው የሚሄድበት አገር ምልክቱን የሚያነብለት መሆኑ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የልጅቷን ምልክት ከሐበሻ በቀር የሚያነብ የለም።

ከተማው የሚያነበው ቅጽ ነው። ቅጹ ላይ «ላስት ኔም» የሚል ሣጥን አለ፤ የአባቷን ስም ትጽፍበታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐኪም ቤትም ባንክም የሚጠሯት በአባቷ ስም ነው። አባቷ ዱርቤቴ እርሻ ላይ ሆነው፣ ፓርኪንግ ውስጥ በስማቸው ይጠራሉ። ባል ስታገባ የባሏና የእሷ የመጨረሻ ስም አንድ ባለመሆኑ ተጨማሪ ጥያቄ ይመጣል። የልደት ቀንም አለ። አገር ቤት ልደት የሚታወሰው በበዓል ነው፤ «የመስቀል ሰሞን» ይባላል። ቅጹ ግን ቀን ይፈልጋል፤ ዓመቱን ብቻ የሚያውቁ ብዙ ስደተኞች በወረቀት ጃንዋሪ 1 የተወለዱ ሆነው ቀርተዋል። ከዚያ ባለ ዘጠኝ አሃዙ መለያ ቁጥር፣ «ሶሻል»፣ ይመጣል። ሐበሻው «ሶሻሌ መጣ» ሲል ድምፁ ውስጥ የሚሰማውን ደስታ የሰማ ሰው ስለ ቁጥር ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል።

ዋናው ፈተና የሚመጣው የአክስቷን ልጅ ቤት ለቃ ራሷን ልትችል ስትነሣ ነው። ደመወዝ አላት፤ ዕዳ የላትም፤ ከሰው ተበድራ አታውቅም። በዱርቤቴ ሚዛን ከዚህ የተሻለ ተከራይ የለም። አከራዩ ግን ኮምፒውተሩን አይቶ «ክሬዲት የለሽም» ይላል። ብዙ አዲስ መጤ የአሜሪካን ኑሮ የሚረዳው በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው፦ ተበድሮ የማያውቅ ሰው አይታመንም። ስድብ ይመስላል። ነገሩ ግን ታሪክ አለው፤ ታሪኩም የሚጀምረው ከእኛው ዋስ ብዙ ከማይርቅ ቦታ ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከአሜሪካ ገጠር ከተሞች የሚመጣ ነጋዴ ኒው ዮርክ ላይ ጨርቅና ዕቃ በዱቤ ይወስድ ነበር። የሚታመነው ከቄሱ ወይም ከጠበቃው በያዘው ደብዳቤ ነው፤ ዋስ ማለት ይኸው ነው። በ1837 ገበያው ሲናጋ ባለ ዕዳው ሁሉ ወደቀ፤ ሉዊስ ታፓን የሚባል የሐር ነጋዴ፣ ባርነትን በመቃወምም የሚታወቅ ሰው፣ አብሮ ከሰረ። በ1841 አንድ ነገር አሰበ፦ በየከተማው ያሉ ጠበቆች ስለ ነጋዴው ወሬ ይጻፉልኝ፤ እኔ መዝገብ ይዤ ለሚጠይቀኝ በክፍያ ላንብብለት። ይጠጣል ወይ? ትዳሩ እንዴት ነው? አባቱ ምን አለው? ቃሉን ይጠብቃል? ከመልእክተኞቹ አንዱ ወጣቱ ጠበቃ አብርሃም ሊንከን እንደነበር ይነገራል። ከ2,500 በላይ የሆኑት እነዚያ መዝገቦች ዛሬ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። በሌላ አነጋገር የአሜሪካ የብድር መዝገብ የተጀመረው በመንደር ሐሜት ነው። ሽማግሌው የሚያውቀው ተጽፎ የሚሸጥ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ሐሜቱ ቀስ በቀስ ወደ ሒሳብ ተለወጠ። በ1956 ቢል ፌር የሚባል መሐንዲስና ኧርል አይዛክ የሚባል የሒሳብ ባለሙያ ኩባንያ አቋቋሙ፤ በ1989 በሁለቱ ስም የሚጠራው «ፋይኮ» የተባለው ነጥብ ወጣ። ዝቅተኛው 300፣ ከፍተኛው 850 ነው። ከነጥቡ 35 በመቶው የሚመጣው ዕዳን በቀኑ ከመክፈል ነው፤ 30 በመቶው ከተፈቀደው ብድር ምን ያህሉ እንደተወሰደ ይመለከታል፤ ቀሪው መዝገቡ ከተከፈተ ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ አዲስ ብድርና የብድር ዓይነት ነው። ነጥብ ለማግኘት ቢያንስ ስድስት ወር የቆየ መዝገብ ያስፈልጋል። ስለዚህ የልጅቷ መልካም ስም ዱርቤቴ ላይ የሃያ ዓመት ዕድሜ ቢኖረውም፣ እዚህ የስድስት ወር ዕድሜ እንኳ የለውም። መውጫው ጥቂት መቶ ዶላር ባንክ አስይዞ በዚያው ልክ የሚያበድር ካርድ መያዝ፣ በካርዱ ትንሽ መግዛትና በቀኑ መክፈል ነው። ወይም የአክስቷ ልጅ በውሉ ላይ አብሯት ይፈርማል፤ ዋስ ይሆናታል። ልዩነቱ፣ ኪራይ ብታሳልፍ ሊከሱት ወይም የእሱ ቁጥር ሊነካ ይችላል እንጂ ሰንበቴ ላይ የሚወቅሰው የለም።

እዚህ ላይ የአገራችንን ዋስ እያወደሱ የእነሱን ቁጥር መርገም ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜም ሲደረግ ሰምቻለሁ። አልስማማም። ሰው በሰው የሚታመንበት አገር ሰው የሌለውን ሰው ይጥላል። በጎጃም ገጠር ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ ስንት ዘመን «የማን ልጅ ነህ?» በሚለው ጥያቄ ሲገፉ ኖረዋል? ባሏ የሞተባት ሴት ዋስ ፍለጋ የስንቱን ደጅ ጠንታለች? ቁጥሩ የማን ልጅ ነሽ አይልም። በአሜሪካም ቢሆን በጾታና በትዳር ሁኔታ ብድር መከልከልን የሚያግደው ሕግ የወጣው በ1974 ነው፤ ከዚያ በፊት ባል የሌላት ሴት ካርድ ማግኘት ይከብዳት ነበር። ልጅቷ በዓመቷ ቁጥሯ 700 ሲያልፍ ከባሏም ከአባቷም ያልተቀበለችው የራሷ የሆነ ነገር ይኖራታል። ያን ቀን የሚሰማት ነፃነት እውነተኛ ነው።

ጊዜውም ይለወጥባታል፤ እሱ ግን በቶሎ ይለመዳል። ዱርቤቴ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ የዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን ልዩነት አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ነው፤ ሰዓት ከንጋት ሊቆጠር የቻለውም ፀሐይ ቀጠሮ አክባሪ ስለሆነች ነው። ዋሽንግተን ላይ የሰኔው ቀን አሥራ አምስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም፤ የታኅሣሡ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አይሞላም። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ከምድር በታች ካለው ሥራዋ ስትወጣ መሽቷል፤ ስትገባም አልነጋም ነበር። አንድ የሚያስቅ ነገር አለ፦ በአገር ቤት አቆጣጠር የተሞላውን የእጅ ሰዓቷን ሳትነካ ብትተወው ከዋሽንግተን ሰዓት የሚለየው በበጋ አንድ፣ በክረምት ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። በክረምት እዚያ ቀትር 12 ሲል የእሷ ሰዓት 2 ይላል፤ ግን የምሽቱ 2 ነው፤ ዱርቤቴ እራት በልታ ልትተኛ ነው። ወደ እናቷ የምትደውልበትን ጊዜ የምታሰላው በዚሁ ነው።

ስለ አዲስ መጤ ስሜት የተጻፈው ነገር አብዛኛው ካሌርቮ ኦበርግ የተባለ ሥነ ሰብእ ተመራማሪ በ1954 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ ካደረገው ንግግርና ኖርዌያዊው ስቨሬ ሊስጎርድ በ1955 ካሳተመው ጥናት ይቀዳል። መጀመሪያ እንደ ጫጉላ ደስ ይላል፤ ከዚያ ይመርራል፤ ከዚያ እየለመደ ይመጣል፤ ሥዕሉ ወርዶ የሚወጣ ኩርባ ነው። ኦበርግ ያሰበው ደመወዛቸው ከአገራቸው ስለሚመጣላቸው ባለሙያዎች ነበር፤ ሊስጎርድ ያጠናው አሜሪካ የነበሩ ኖርዌያውያን ምሁራንን። ሁለቱም ለሰዎቻቸው ትክክል ሳይሆኑ አይቀሩም። የዱርቤቴዋ ልጅ ጫጉላ ግን ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው መንገድ ነው። ከዚያ ኪራይ አለ፣ «ቢል» አለ፤ ቤት ደግሞ «ደረሰች» ከተባለ ጀምሮ ብር ይጠበቃል። ኩርባው ከታች ነው የሚጀምረው።

የሚያወጣትም የሐበሻው ከተማ ነው፤ በቁጥሩ ከተማ ውስጥ ያለው ሌላው ከተማ። በጎጃም ዘፈኖቹ የምናውቀው ይሁኔ በላይና ባለቤቱ ቱቱ በላይ በየዓመቱ የሚያሳትሙት የኢትዮጵያውያን የሎው ፔጅስ በዚያ አካባቢ ሐበሻ ቤት ሁሉ ይገኛል፤ ጠበቃ፣ ጥርስ ሐኪም፣ እንጀራ ጋጋሪ፣ የቤት ደላላ፣ ሁሉም በፎቶው። ስልክ ከእጅ በማይለይበት ዘመን እንዲህ ያለ ወፍራም መጽሐፍ እስከ ዛሬ መኖሩ እኔን አይደንቀኝም። ሰው በውስጡ የሚፈልገው ስልክ ቁጥሩን ብቻ አይደለም፤ ፊቱንም ነው፤ «ይኼ የእገሌ ወንድም አይደለም እንዴ?» ለማለት። በ1983 አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ላይ የተመሠረተው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤትም መጀመሪያ የቆመው ቅጽና ቤት ለቸገራቸው ስደተኞች ነበር። ደብረ ሰላም ቅድስት ማርያም አለች፤ ቅዳሴው ሲያልቅ ሥራ የሚገኘው ግቢው ውስጥ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ዕቁብ አለ። ታክሲ ነጂዎች ይጥላሉ፣ የፓርኪንግ ሠራተኞች ይጥላሉ፤ በዕቁብ ገንዘብ መኪና ተገዝቷል፣ ምግብ ቤት ተከፍቷል። ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው ብሩን ይዞ እንዳይጠፋ ዋስ ያመጣል፤ 850 ነጥብ ቢኖረው ለሰብሳቢው ምኑም አይደለም። በሌላ በኩል ያ ሰው ለሁለት ዓመት ሳምንት ሳይዘል የጣለው ገንዘብ በፋይኮ መዝገብ ላይ አንድ ነጥብ አይጨምርለትም። ሁለቱ መዝገቦች አይተያዩም።

ይህን ግድግዳ ለመብሳት የሞከረ ድርጅት አለ። በ2007 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተቋቋመው ሚሽን አሴት ፈንድ፣ በሜክሲኮና በሌሎች አገሮች ስደተኞች ዘንድ እንደ ዕቁብ ያለውን ማኅበር በወረቀት አስፈርሞ፣ አባሉ የጣለውን እያንዳንዱን ክፍያ ለሦስቱ የብድር መዝገብ ኩባንያዎች ያስተላልፋል፤ ዕቁቡ ነጥብ ይሆናል። ለሐበሻው የሚያዋጣ ይመስላል፤ ግን ዋጋ አለው። የእኛ ዕቁብ ሐዘን የገጠመው፣ ሥራ ያጣ ሰው ሲኖር ሰብሳቢውን «ጋሼ፣ ይህችን ሳምንት እለፉኝ» ማለት ይቻልበታል፤ ዋሱም ይሞላለታል፤ ነገሩ እዚያው ይቀራል። መዝገብ ላይ ያለፈች ክፍያ ግን እስከ ሰባት ዓመት ትቀመጣለች። ልጅቷ ከሁለቱ የቱን እንደምትመርጥ ብትጠየቅ የምትመልሰው እንደ ሳምንቱ ይመስለኛል፦ ቤት ልትከራይ ስትል ቁጥሩን፣ ሥራ የለቀቀች ሰሞን ሰብሳቢውን።